ትንሹ ትልቁን ከቶ አያንቀሳቅስምን? ስለ ዴካርት የግጭት ሕጎች የቀረበ ሐተታ

ሁለት ነገሮች በተጋጩ ጊዜ የመጠነ ቁሳቸው ትልቅነትና ትንሽነት በግጭቱ ኃይል ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ብዙ ሰው ሳያመነታ የሚሰጠው መልስ «ከባዱ ቀላሉን አብልጦ ይመታዋል» የሚል ነው። መልሱ ከዕለት ኑሮ የተቀዳ ስለ ሆነ ለጆሮ አይጎረብጥም። ቅልና ድንጋይ ቢላጉ የሚሰበረው ቅሉ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ነገር ግን ለጆሮ የማይጎረብጥ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም።

ይህን የመሰለውን የተለመደ አስተሳሰብ በሕግ መልክ አደራጅተው ከጻፉት ሊቃውንት መካከል እጅግ የታወቀው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት ነው። «የፍልስፍና መሠረቶች» በተባለውና በ1644 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ክፍል ከአንቀጽ 46 እስከ አንቀጽ 52 ድረስ፣ ሁለት ነገሮች ሲጋጩ ምን እንደሚሆኑ የሚወስኑ ሰባት ሕጎችን ዘርዝሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሐተታ ዓላማ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በፊት የሞተን ታላቅ ሊቅ ስሕተት እየቆጠሩ ለመሣቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ ጥቅምም የለውም። ዓላማው፣ ስሕተቱ ከየት እንደ ተነሣ መርምሮ፣ ያው ስሕተት ዛሬም በእኛ በተማሪዎች አእምሮ ውስጥ ሌላ ልብስ ለብሶ እንደሚኖር ማሳየት ነው።

ሕጎቹ ምን ይላሉ?

ዴካርት የሚናገረው ፍጹም ጠጣር ስለ ሆኑና ከሌላው ነገር ሁሉ ተለይተው ስለሚገኙ ሁለት አካላት ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንደኛውን ቀይ ኳስ፣ ሁለተኛውን ጥቁር ኳስ ብለን ሕጎቹን ባጭሩ እንመልከት።

አንደኛው ሕግ፤ ሁለቱ ኳሶች በመጠን እኩል ሆነው በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት ቢጋጩ፣ ሁለቱም በመጡበት ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ሕግ፤ ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ ቀዩ በመጠን ጥቂት ቢበልጥ፣ የሚመለሰው ጥቁሩ ብቻ ነው፤ ከዚያም ሁለቱም ቀዩ ይሄድበት ወደ ነበረው አቅጣጫ በዚያው ፍጥነት ይጓዛሉ።

ሦስተኛው ሕግ፤ መጠናቸው እኩል ሆኖ ቀዩ በፍጥነት ቢበልጥ፣ ቀዩ ከትርፍ ፍጥነቱ እኩሌታውን ለጥቁሩ ይሰጥና ሁለቱም ወደ ቀዩ አቅጣጫ አብረው ይሄዳሉ። ለምሳሌ ቀዩ በ6 ጥቁሩ በ4 ፍጥነት ቢመጡ፣ ሁለቱም በ5 ይጓዛሉ።

አራተኛው ሕግ፤ ጥቁሩ ቆሞ ሳለ በመጠን ከቀዩ ቢበልጥ፣ የቀዩ ፍጥነት የቱንም ያህል ቢሆን ጥቁሩን ከቶ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም፤ ቀዩ ራሱ በመጣበት ፍጥነት ይመለሳል።

አምስተኛው ሕግ፤ የቆመው ጥቁር ኳስ ከቀዩ ቢያንስ፣ ቀዩ እየገፋ ይዞት ይሄዳል። ቀዩ የጥቁሩ እጥፍ ቢሆን ከእንቅስቃሴው ሲሶውን ይሰጠዋል።

ስድስተኛው ሕግ፤ እኩል ቢሆኑና ጥቁሩ ቆሞ ቢሆን፣ ቀዩ በከፊል ይገፋዋል፣ በከፊልም ይመለሳል። በ4 ፍጥነት የመጣ ቀይ ኳስ 1 ለጥቁሩ ሰጥቶ በ3 ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሰባተኛው ሕግ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጓዙ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በደረሰበት ጊዜ የሚሆነውን፣ እንደ መጠናቸውና እንደ ፍጥነታቸው ልዩነት ከፋፍሎ ይናገራል።

ከነዚህ መካከል ነጥረው ለሚለያዩ ጠጣር ኳሶች ያለ እንከን የሚቆመው አንደኛው ብቻ ነው። አምስተኛው፣ እንዲሁም የሰባተኛው አንዱ ክፍል፣ ተጋጭተው ተጣብቀው ለሚቀሩ ነገሮች ያገለግላል። የቀሩት ግን በማናቸውም ዓይነት ግጭት አይሠሩም። ብይ ሲጫወት ያደገ ልጅ ሁሉ ለስድስተኛው ሕግ መልስ አለው። በአየር ተወርውሮ የቆመውን እኩያውን እምብርቱ ላይ የመታ ብይ ወደ ወርዋሪው በሦስት አራተኛ ፍጥነት ተመልሶ አይመጣም፤ እርሱ እዚያው ሊቆም ሲቃረብ፣ የተመታው ነው ፍጥነቱን ወርሶ የሚሄደው።

ምስጋና የሚገባው ነገር

ነቀፌታ ከመጀመራችን አስቀድሞ ለደራሲው የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ዴካርት ግጭት በዕድል የሚሆን ነገር ሳይሆን ሕግና ቁጥር ያለው መሆኑን አምኗል። ከዚህም በላይ፣ ከለውጥ ሁሉ በስተጀርባ የማይለወጥ አንድ መጠን መኖር አለበት ብሎ ፈልጓል፤ ይህንንም «የእንቅስቃሴ መጠን» ብሎ ጠርቶ፣ የአካሉ መጠን በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው ብሏል። ዛሬ በፊዚክስ የምንማራቸው የጥበቃ ሕጎች ከዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የተወለዱ ናቸው። የጥያቄው አቀራረብ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው መልሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልንዘነጋ አይገባም። ዴካርት በአንቀጽ 53 ላይ፣ በዓለም የምናያቸው ነገሮች ሁሉ ዙሪያቸውን በሌላ ነገር የተከበቡ ስለ ሆኑ ሕጎቹን ከሚታየው ነገር ጋር ማስተያየት አስቸጋሪ መሆኑን አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው እውነትነት አለው። ነገር ግን ጋሻም ሆኖ አገልግሎታል፤ ምክንያቱም ሕጉን የሚቃወም ፈተና ሁሉ «አካባቢው አበላሸው» ተብሎ ሊጣል ይችላልና።

የስሕተቱ ሥር

የመጀመሪያው ሥር አቅጣጫን መርሳት ነው። ለዴካርት የእንቅስቃሴ መጠን አቅጣጫ የለውም። በአራተኛው ሕግ ቀዩ በ6 መጥቶ በ6 ሲመለስ፣ ከግጭቱ በፊትም በኋላም 6 ስላለ ምንም የጎደለ ነገር የለም ይላል። አቅጣጫ ከታሰበ ግን፣ ወደ ቀኝ 6 የነበረው ወደ ግራ 6 ሆኗል፤ ይኸውም የ12 ለውጥ ነው። ይህ 12 የት ገባ? የተቀበለው ማንም የለም፤ ጥቁሩ እንደ ቆመ ነውና። በዴካርት ሒሳብ መዝገብ ላይ ገቢና ወጪው የተስተካከለ የሚመስለው፣ ዕዳና ሀብት በአንድ ዓምድ ስለ ተጻፉ ነው።

ሁለተኛው ሥር ግጭትን እንደ ትግል ማየት ነው። በዴካርት ዓይን ሁለቱ አካላት እንደ ሁለት ታጋዮች ናቸው፤ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል። የቆመውም አካል በመቆሙ ብቻ የመቋቋሚያ ኃይል አለው። በ1645 ዓ.ም. ለክሌርሴልዬ በጻፈው ደብዳቤ አራተኛውን ሕግ ሲያስረዳ የሚከተለው ሐሳብ የሚከተለውን ይመስላል፤ ቀዩ ጥቁሩን ካንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ አብረው በአንድ ፍጥነት መሄድ አለባቸው። ጥቁሩ የቀዩ እጥፍ ቢሆን፣ ቀዩ ከእንቅስቃሴው ሁለት ሦስተኛውን ሊሰጥ ነው፤ ለራሱ ከሚያስቀረው የበለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ለውጥ ይልቅ አቅጣጫውን ብቻ ለውጦ መመለሱ ይቀልለዋል። ይህ አስተያየት ረቂቅ ነው፤ ሆኖም የግጭቱን ውጤት የሚወስነው ከሁለቱ የማን ኃይል እንደሚበልጥ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። እንግዲህ ዋናውን ስሕተት የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። በግጭት ውስጥ ኃይሉ ብልጫ የለውም።

ሦስተኛው ሥር ፈተናን መናቅ ነው። ዴካርት እነዚህ ነገሮች በራሳቸው ግልጽ ስለ ሆኑ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም ይላል። በ1647 ዓ.ም. በወጣው የፈረንሳይኛ ትርጉም ላይ ደግሞ፣ ልምድ ተቃራኒውን የሚያሳይ ቢመስል እንኳ ከስሜቶቻችን ይልቅ አእምሮአችንን ማመን ይገባናል የሚል ሐሳብ ተጨምሯል። ሁለት ኳሶችን በገመድ አንጠልጥሎ ለማጋጨት ብዙ ወጪ አያስፈልግም ነበር።

ሕጎቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ

ሆኖም ዴካርትን ለመርታት ገመድና ኳስ እንኳ አያስፈልግም፤ የገዛ መጽሐፉ ይበቃል። በዚያው በሁለተኛው ክፍል እንቅስቃሴ አንጻራዊ መሆኑን፣ ማለትም አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ የሚባለው ከአጠገቡ ካሉት ነገሮች ጋር ሲተያይ መሆኑን ጽፏል። ይህንን ቃሉን ይዘን ሕጎቹን እንመርምር።

ጥቁሩ ኳስ የቀዩ እጥፍ ይሁን፤ ቆሞም ይቆየው። ቀዩ በ6 ፍጥነት ወደ ቀኝ መጥቶ ይምታው። በአራተኛው ሕግ መሠረት ጥቁሩ ንቅንቅ አይልም፤ ቀዩ በ6 ወደ ግራ ይመለሳል። አሁን ይህንኑ ግጭት ከቀዩ ጎን በ6 ፍጥነት ወደ ቀኝ በምትሄድ ጀልባ ላይ ሆነን እንይ። ከጀልባዋ ሲታይ ቀዩ ቆሟል፤ ትልቁ ጥቁር ኳስ ነው በ6 ወደ ግራ የሚመጣው። ስለዚህ የሚሠራው አምስተኛው ሕግ ሆነ፤ ትልቁ ትንሹን ይዞ በ4 ወደ ግራ ይሄዳል። በ6 ወደ ቀኝ የምትሄደው ጀልባ ታስባ ወደ ዳር ሲመለስ፣ ሁለቱም በ2 ወደ ቀኝ ሄዱ ማለት ነው። አንድ ግጭት፣ ሁለት ተመልካች፣ ሁለት የማይታረቁ ፍርዶች! ከዳር ያለው ሰው «ጥቁሩ አልተነቃነቀም» ሲል፣ ከጀልባ ያለው «ጥቁሩ ሄዷል» ይላል። ጥቁሩ ግን ወይ ሄዷል ወይ አልሄደም።

የተፈጥሮ ፍርድ ከሁለቱም ይለያል። ኳሶቹ ነጣሪዎች ከሆኑ ጥቁሩ በ4 ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ቀዩ በ2 ወደ ግራ ይመለሳል። ተጣብቀው የሚቀሩ ከሆኑ ግን ሁለቱም በ2 ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። በማናቸውም መንገድ ትልቁ ከመንቀሳቀስ አያመልጥም።

የጀልባዋ ማስረጃ የሆላንዱ ሊቅ የክሪስቲያን ሁይገንስ ናት። ሁይገንስ በ1629 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን አባቱ የዴካርት ወዳጅ ስለ ነበር ያደገው በዴካርት ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ገና በወጣትነቱ የግጭቱን ሕጎች ተጠራጠረ፤ በ1656 ዓ.ም. ገደማም ስለ አካላት ግጭት የሚናገረውን ሥራውን አዘጋጀ። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1703 ዓ.ም. ነው።

የማስረጃው ውበት ጠላቱን በገዛ መሣሪያው መርታቱ ነው። ሁይገንስ የዴካርትን አንደኛ ሕግ ተቀበለ፤ ሁለት እኩል ኳሶች በእኩል ፍጥነት ቢጋጩ በእኩል ፍጥነት ይመለሳሉ። ይህ ግጭት በሆላንድ ቦይ ላይ በምትጓዝ ጀልባ ውስጥ ሲደረግ በዳር የቆመ ሰው ምን ያያል? ጀልባዋ የምትሄደው በኳሶቹ ፍጥነት ልክ ከሆነ፣ ለዳሩ ሰው አንደኛው ኳስ የቆመ፣ ሁለተኛው በእጥፍ ፍጥነት የሚመጣ ሆኖ ይታየዋል። ከግጭቱ በኋላ ደግሞ የመጣው ቆሞ፣ የቆመው በእጥፍ ፍጥነት ሲሄድ ያያል። በዚህ ዓይነት አንደኛው ሕግ ስድስተኛውን አፈረሰው። ሁይገንስ በዚሁ መንገድ እየገፋ፣ ማናቸውም ትልቅ አካል በማናቸውም ትንሽ አካል፣ በማናቸውም ፍጥነት ቢመታ ይንቀሳቀሳል ወደሚለው መደምደሚያ ደረሰ። ይህ ለአራተኛው ሕግ የተሰጠ ቀጥተኛ መልስ ነው።

በ1668 ዓ.ም. የሎንዶን ንጉሣዊ ማኅበር ስለ ግጭት ሕጎች ሊቃውንትን በጠየቀ ጊዜ ጆን ዎሊስ፣ ክሪስቶፈር ሬንና ሁይገንስ መልሳቸውን አቀረቡ። ዎሊስ ሳይነጥሩ ስለሚቀሩ አካላት፣ ሬንና ሁይገንስ ስለሚነጥሩ አካላት ጻፉ። በመንገድ ቢለያዩም አቅጣጫን በሒሳቡ ውስጥ በማስገባት ተስማሙ። ያን ጊዜ የእንቅስቃሴ መጠን በእውነት የማይጎድል ሆነ።

ላይብኒትዝም በ1687 ዓ.ም. ሌላ ነቀፌታ አወጣ። በአንደኛው ሕግ ኳሶቹ እኩል ሲሆኑ ሁለቱም ይመለሳሉ። በሁለተኛው ሕግ ግን ቀዩ በጸጉር ያህል ቢበልጥ መመለሱ ቀርቶ በሙሉ ፍጥነቱ ወደ ፊት ይገሠግሣል። በአንዲት የአሸዋ ቅንጣት ልዩነት ውጤቱ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሊዘል አይችልም፤ በመነሻው ላይ ያለ ልዩነት እያነሰ ሲሄድ በውጤቱም ላይ ያለው ልዩነት እያነሰ መሄድ አለበት። ይህ ምክር ለማናቸውም የተፈጥሮ ሕግ ጸሐፊ ጥሩ መፈተኛ ነው። አንድ ሕግ በወረቀት ላይ ሲቀርብልን፣ ወደ ቤተ ሙከራ ከመሄዳችን በፊት ድንበሩ ላይ ይዘል እንደ ሆነ ልናይ ይገባል።

ታዲያ ዴካርት እንዴት ተታለለ?

አራተኛው ሕግ ፈጽሞ መሠረት የሌለው ቢሆን ኖሮ ዴካርትን የሚያህል ሰው አይጽፈውም ነበር። እስቲ በቁጥር እንየው። ጥቁሩ የቀዩ ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ ነጣሪው ቀይ በግማሽ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ጥቁሩም በዚያው ግማሽ ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ሕጉ እዚህ ላይ እጅግ የራቀ ነው። ጥቁሩ የቀዩ 99 እጥፍ ቢሆን ግን ቀዩ ከመቶ 98 በሆነ ፍጥነት ሲመለስ ጥቁሩ የሚሄደው ከመቶ 2 በሆነ ፍጥነት ብቻ ነው። ጥቁሩ እንደ ግድግዳ፣ እንደ ተራራ፣ እንደ ምድር ሲሆን ደግሞ እንቅስቃሴው ለዓይን ይጠፋል። ኳስ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ግድግዳው ሲሄድ ያየ ማንም የለም።

እንግዲህ ዴካርት የጻፈው የመጨረሻውን ጫፍ ሕግ ነው፤ ጫፉ ላይ እውነት የሚመስለውን ወስዶ «ትልቅ» ለሚባለው ሁሉ አደላደለው። «በጣም ጥቂት» እና «ምንም» በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በፊዚክስ ግን በመካከላቸው ሰፊ ገደል አለ።

መጠነ ቁስ በእርግጥ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በግጭት ጊዜ አንደኛው አካል ያጣውን የእንቅስቃሴ መጠን ሁለተኛው ያገኘዋል። የተነካኩበትም ጊዜ ለሁለቱም አንድ ነው። ኃይል ማለት የእንቅስቃሴ መጠን በጊዜ የሚያደርገው ለውጥ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚቀበሉት ኃይል እኩልና ተቃራኒ ከመሆን በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ኒውተን በ1687 ዓ.ም. በሦስተኛው ሕጉ የደነገገው ይህንኑ ነው። እንዲያው ደንግጎም አልቀረ፤ በ10 ጫማ ገመድ የተንጠለጠሉ ኳሶችን እያጋጨ፣ የአየሩንም መቋቋም እየቀነሰ ፈትኖታል። የሱፍ ኳሶች በተጋጩበት ፍጥነት 5 ዘጠነኛ፣ የብርጭቆ ኳሶች 15 አሥራ ስድስተኛ በሆነ ፍጥነት እንደሚለያዩ ጽፏል። የመንጠራቸው ነገር እንደ ቁሱ ቢለያይም አንዱ ያጣውን ሌላው ማግኘቱ በሁሉም ዘንድ አልተለወጠም።

ለምሳሌ 10 ቶን የሚመዝን ካሚዮንና 1 ቶን የሚመዝን የቤት መኪና እያንዳንዳቸው በሰኮንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ እየተጓዙ ፊት ለፊት ተጋጭተው ተጣብቀው ቀሩ እንበል። በዴካርት ሁለተኛ ሕግ መሠረት ካሚዮኑ ፍጥነቱ ሳይጎድል በ10 መጓዙን ይቀጥላል። በእውነቱ ግን ሁለቱም በሰኮንድ 8.18 ሜትር ያህል ወደ ካሚዮኑ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የካሚዮኑ ፍጥነት የተለወጠው በ1.82 ብቻ ነው፤ የትንሿ መኪና ግን በ18.18 ተለውጧል፤ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ግጭቱ ከሰኮንድ አንድ አሥረኛ ቆየ ብንል፣ በካሚዮኑም በትንሿም መኪና ላይ የሠራው አማካይ ኃይል 182,000 ኒውተን ገደማ ነው። ኃይሉ ለሁለቱም እኩል ነው፤ እኩል ያልሆነው በኃይሉ የደረሰባቸው ለውጥ ነው።

ካሚዮኑ ጭነቱን አብዝቶ 20 ቶን ቢመዝንስ? «መጠነ ቁሱ እጥፍ ስለ ሆነ ኃይሉም እጥፍ ይሆናል» የሚል ብዙ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ምቱን፣ ማለትም የኃይሉንና የቆይታውን ብዜት፣ የሚወስነው የሁለቱ መጠነ ቁስ ብዜት ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የሚጠጋጉበት ፍጥነትና የመንጠራቸው ልክም ይባዛበታል። ለ10 ቶኑ ካሚዮን ይህ ቁጥር 0.909 ቶን፣ ለ20 ቶኑ 0.952 ቶን ነው። ካሚዮኑ እንደ ተራራ ቢከብድ እንኳ ቁጥሩ ከ1 ቶን፣ ማለትም ከትንሿ መኪና መጠነ ቁስ፣ አያልፍም። የካሚዮኑን መጠነ ቁስ እጥፍ ማድረግ በምቱ ላይ የጨመረው ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ መጠናቸው እጅግ በሚለያይ ሁለት አካላት ግጭት ውስጥ የምቱን ልክ የሚወስነው በአመዛኙ ትንሹ ነው፤ ዴካርት ከቶ ኃይል የለውም ያለው ያ ትንሹ!

ከምቱ ወደ ኃይሉ ለመድረስ የቆይታውን ጊዜ ማወቅ ያሻል፤ ጊዜውም ራሱ ከመጠነ ቁስ ጋር የተያያዘ ነው። ሃይንሪሽ ሄርትዝ በ1882 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ሁለት ጠጣር ሉሎች ሲነካኩ እንዴት እንደሚጨማደዱ በሒሳብ አሳይቷል። ከዚህ የሚገኘው ውጤት፣ የንክኪው ቅርጽና ቁሱ ሳይለወጥ ከላይ ያነሣነው የጋራ ቁጥር እጥፍ ቢሆን፣ ከፍተኛው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ የሚያድገው 1.52 ጊዜ ያህል ነው። ለምን ቢባል ንክኪው ራሱ 1.32 ጊዜ ያህል ስለሚረዝም ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 2 ይሰጣሉ። ስለዚህ «መጠነ ቁስ ሲጨምር ኃይል ይጨምራል» የሚለው አባባል ሐሰት ባይሆንም፣ በምን ያህልና በምን ሁኔታ ካልተባለ ዕውቀት አይባልም።

ዛሬም ያልሞተው ስሕተት

በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ ሄስቴንስ፣ ዌልስና ስዋክሃመር የተባሉ መምህራን የተማሪዎችን የኃይል ግንዛቤ የሚመዝን የታወቀ ፈተና አወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ትልቅ ካሚዮንና ትንሽ መኪና ፊት ለፊት ሲጋጩ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል እንደሚያሳርፍ ይጠይቃል። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃላቸው የሚያውቁ ብዙ ተማሪዎች ካሚዮኑን ይመርጣሉ። ሕጉ በደብተራቸው አለ፤ በፍርዳቸው ውስጥ ግን ያለው ዴካርት ነው።

ይህ የሚሆነው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይመስለኛል። አንደኛው ኃይሉ ነው፤ እርሱ ለሁለቱም እኩል ነው። ሁለተኛው የፍጥነት ለውጡ ነው፤ እርሱን መጠነ ቁስ ያከፋፍለዋል፤ ለትንሹ ብዙ፣ ለትልቁ ጥቂት ይሰጣል። ሦስተኛው ጉዳቱ ነው፤ እርሱ የሚለካው አካሉ ባለው ጥንካሬ ነው። ቅሉ የተሰበረው ድንጋዩ አብልጦ ስለ መታው አይደለም፤ ድንጋዩ የተቀበለውን ያንኑ ኃይል የቅሉ ገላ ሊሸከመው ስላልቻለ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከላይ ባየነው ግጭት በትንሿ መኪና ውስጥ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀበቶ ታስሮ ከመኪናዋ ጋር እኩል ፍጥነቱን ቢለውጥ፣ ሰውነቱ የሚሸከመው ኃይል 10,900 ኒውተን ያህል ነው፤ ከ1 ቶን በላይ የሆነ ክብደት ደረቱን ቢጫነው ማለት ነው። በካሚዮኑ ውስጥ ያለው አምሳያው የሚሸከመው የዚህን አንድ አሥረኛ ነው። ከባድ መኪና ባለቤቱን የሚጠብቀው ግጭቱን አለዝቦ ሳይሆን የፍጥነቱን ለውጥ ለሌላው አሸክሞ ነው። ግጭቱን በእውነት የሚያለዝቡት ፍጥነትን መቀነስና የመቆሚያውን ጊዜ ማርዘም ናቸው። ይህን ያልተረዳ መሐንዲስ ለደኅንነት ሲል መኪናውን ያከብደዋል፤ የተረዳው ግን የመኪናው አፍንጫ ቀስ ብሎ እንዲጨማደድ አድርጎ ይሠራዋል።

መደምደሚያ

የዴካርት ሰባት ሕጎች ከፊዚክስ መጻሕፍት ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እኔ ግን ለማስተማሪያ ቢመለሱ መልካም ነው እላለሁ። ትክክለኛውን ቀመር በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን አስተሳሰብ ፊት ለፊት አውጥቶ ካልተሟገተው፣ ቀመሩ ከፈተና በኋላ ይረሳል፣ አስተሳሰቡ ይቀራል። አራተኛው ሕግ በክፍል ውስጥ ቢነበብና ተማሪዎች በገዛ እጃቸው፣ በሁለት ኳስና በሁለት ገመድ፣ ወይም በሁይገንስ ጀልባ እንዲያፈርሱት ቢደረግ፣ አንድ ሊቅ የተሳሳተበትን ነገር ራሳቸው ያረሙ ያህል ይሰማቸዋል፤ ማረማቸውም እውነት ነው።

መምህራኖቻችንም ለጥያቄው አቀራረብ ቢጠነቀቁ ይጠቅማል። «መጠነ ቁስ በግጭት ኃይል ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ስለ አንድ አካል ብቻ መጠየቅ፣ ኃይል የአንድ አካል የግል ንብረት የሆነ ያስመስላል። ኃይል በግጭት ውስጥ የሁለቱ የጋራ ነገር ነው። ጥያቄው «የሁለቱ መጠነ ቁስ በጋራ ምቱን እንዴት ይወስናል፣ ለውጡንስ እንዴት ያከፋፍላል?» ተብሎ ቢቀርብ፣ እኩሌታው መልስ በጥያቄው ውስጥ ይገኛል። ዴካርትን ያሳሳተው ሒሳብ አለማወቅ አልነበረም፤ በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት በግንባር ቀደምትነት የሚቆጠር ነበርና። ያሳሳተው «ማን ያሸንፋል?» ብሎ መጠየቁ ነው።